የገጠር ሴቶች ታሪክ በጉባኤ ላይ እንዴት ይቅረብ? ከሐዋሳ የቀረበ ጥያቄና መልሶቹ

ጥያቄ (የታሪክ ተማሪ፣ ሐዋሳ)

ክቡራን የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

በታሪክ ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን በመሥራት ላይ የምገኝ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ጥናቴ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ በሲዳማ ገጠር ሴቶች ከመሬት ጋር የነበራቸውን ግንኙነት የሚመለከት ሲሆን፣ በቅርቡ እዚሁ ከተማችን በሚካሄድ የገጠር ታሪክ ጉባኤ ላይ የ20 ደቂቃ ንግግር እንዳቀርብ ተፈቅዶልኛል። ይሁን እንጂ ከፈቃዱ ደብዳቤ ጋር ሁለት የገምጋሚ አስተያየቶች ተያይዘው ስለ ደረሱኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት የእናንተን ምክር ለመስማት ወደድሁ።

አንደኛው አስተያየት፣ ፌሚኒዝም በሌላ አገር ከተሞች የተወለደ አስተሳሰብ ስለሆነ የእኛን ገጠር ታሪክ በእርሱ መመርመር ለማኅበረሰቡ ባዕድ የሆነ ጥያቄ መጫን ነው ይላል። ሁለተኛው ጽሑፌ ከመሬት ሥሪት (የመሬት ይዞታ ሥርዓት) ክፍለ ጊዜ ወጥቶ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ሴቶች ወደ ተዘጋጀው ልዩ ክፍለ ጊዜ እንዲዛወር ያሳስባል። የመጀመሪያው አስተያየት በቅን ልቦና የተሰጠ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሁለተኛው ግን አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም የጽሑፌ ዋና ክርክር የመሬት ሥሪት ታሪክ ራሱ ሴቶችን ትቶ ሊጻፍ አይችልም የሚል ነው።

ምን ዓይነት ማስረጃ እንደያዝሁ ትረዱልኝ ዘንድ አንዱን ብቻ ላሳያችሁ። በእጄ ያለው የአንድ ገበሬ ማኅበር መዝገብ በማስመሪያ የተሠመረ ደብተር ሲሆን፣ ተራ ቁጥር፣ የአባወራው ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመሬቱ ስፋት፣ የከብት ብዛት፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ከባሏ ጋር የምትኖር ሴት በዚህ መዝገብ ስም የላትም፤ «የቤተሰብ ብዛት» በሚለው ዓምድ ከተጻፈው አኃዝ ውስጥ አንዷ ሆና ትቆጠራለች እንጂ። ስሟ ብቅ የሚለው ባሏ ሲሞት ነው፤ የሟቹ ስም በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዝና የእርሷ ስም ከበላዩ ይጻፋል። ጥቂት ገጾች አልፎ፣ ወንድ ልጇ ሲያድግ፣ የእርሷም ስም በተራው ይሰረዛል። በሁለቱ ስረዛዎች መካከል ያሉት ዓመታት ለእኔ የጥናቱ እምብርት ናቸው፤ ነገር ግን በ20 ደቂቃ ውስጥ ለመሬት ሥሪት ተመራማሪዎች እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ከመዝገቡ ውጭስ በየትኞቹ ምንጮች ብደግፈው ይበጃል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ታሪካቸውን የነገሩኝ የገጠር እናቶች ስለ እነርሱ በሚነገርበት አዳራሽ ውስጥ ቦታ የሚያገኙበትን መንገድ የምታውቁ ካላችሁ ብታመላክቱኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ 1 (የመሬት ሥሪት መምህር)

ውድ ጠያቂ፣ የመሬት ሥሪትን ታሪክ ለረጅም ጊዜ ያስተማርሁ እንደ መሆኔ፣ ጽሑፍዎ ከመሬት ሥሪት ክፍለ ጊዜ እንዳይወጣ አጥብቀው እንዲከራከሩ እመክራለሁ። ለክርክሩ የሚያስፈልግዎ ማስረጃ በራሱ በአዋጁ ውስጥ አለ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31፣ መሬቱን በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው በጾታ ልዩነት ሳይደረግበት መተዳደሪያ የሚሆን መሬት እንደሚያገኝ ይደነግጋል፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውም ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ይወስናል። ይህ አንቀጽ ብቻውን ሲነበብ ሴትና ወንድ እኩል የቆሙ ይመስላል። ነገር ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ጥቂት ወረድ ሲሉ፣ በቅጥር ጉልበት ማሳረስ ለሁሉም ተከልክሎ፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፣ እንዲሁም ባለይዞታው ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅ ለትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ብቻ ሲፈቀድ ያገኙታል። ሕግ አውጪው ሴት በራሷ እጅ ሞፈር ጨብጣ እንደማታርስ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህም ከሕመምና ከእርጅና ጎን አስቀመጣት። መሬት የማግኘት መብት በማረስ ላይ ሲመሠረት፣ አረም የምታርመው፣ ዘር የምትመርጠው፣ ምርቱን ተሸክማ የምታስገባውና የምታከማቸው ሴት ድካሟ መብት የማያስገኝ ሥራ ሆኖ ቀረ። «መሬት ላራሹ» ተብሎ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች አደባባይ ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ ጥያቄው የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው፤ ይህን ስል የትውልዱን መሥዋዕትነት ለማሳነስ አይደለም፤ ድሉ ማንን በሙሉ ስም፣ ማንን በቁጥር ብቻ እንዳስገባ መጠየቅ ግን የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው።

በአዋጁ መሠረት የገበሬ ማኅበራት ቢያንስ 800 ሄክታር በሚያህል ክልል እንዲቋቋሙ ሲደረግ፣ መሬት የሚደለደለው ለቤተሰብ፣ የሚመዘገበውም በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ሆነ። የቤተሰቡ ኃላፊ ማን እንደሆነ ደግሞ ከአዋጁ 15 ዓመት ቀድሞ የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 «ባል» ሲል ወስኖት ነበር። ስለዚህ የእርስዎ መዝገብ የአንድ ቸልተኛ ጸሐፊ ሥራ አይደለም፤ የዘውዱ ዘመን የቤተሰብ ሕግና የአብዮቱ የመሬት ሕግ በአንድ ገጽ ላይ የተገናኙበት ሰነድ ነው። ተመራማሪዋ ዘነበወርቅ ታደሰ የመሬት ማሻሻያው በሴቶች ላይ ያስከተለውን ውጤት የመረመረችበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1982 ስታሳትም አዋጁ ገና አንድ አሥርተ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት የሚፈጠረውን ችግር ጨምሮ ጉዳዩን በጊዜው አንስታዋለች። ጥያቄው ባዕድ ነው ለሚሉት ይህን ቢጠቅሱላቸው ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ ካልበቃ ደግሞ፣ ገባርና ባላባትን የተነተንንበት የመደብ ጽንሰ ሐሳብም ከባሕር ማዶ እንደመጣ፣ ሆኖም ማንም ከታሪካችን ይውጣ እንዳላለው ያስታውሷቸው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር፣ የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ ከጎንደር ዘመን ብራናዎች ኅዳግ ላይ ባነበባቸው የመሬት ሰነዶች ውስጥ ሴቶች ሲወርሱ፣ ሲሸጡና ሲገዙ ይታያሉ። ይህን አስደናቂ ማስረጃ ለመላው ኢትዮጵያ የሚሠራ አድርገው እንዳያቀርቡት፤ በሲዳማ መሬት የሚወርደው በአባት የዘር ሐረግ ስለነበር ሴት ልጅ በአባቷም በባሏም መሬት ላይ ያላት ቦታ ሌላ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኋላ በተዘረጋው የገባር ሥርዓት ዘመንም የገባሩ ቤት ዕዳ እህል መስጠት ብቻ አልነበረም፤ ለመልከኛው፣ ገባር ለተመደበለት ሹም፣ ቤት እህል መፍጨት፣ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ነበረበት፤ እነዚህን ደግሞ የሚሠራው ማን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የግብር ታሪክ በጻፍን ቁጥር ይህን ጉልበት በአንድ ሐረግ እያለፍን እዚህ ደርሰናል፤ እባክዎ እርስዎ አይለፉት።

መልስ 2 (እንሰት ጓሮ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ታሪክ አልተማርሁም፤ ሙያዬ ግብርና ሲሆን በይርጋለም አካባቢ ከእንሰት አምራቾች ጋር እሠራለሁ። መምህሩ ስለ ሞፈር ያነሱትን ከእኛ አካባቢ ሁኔታ ጋር ላገናኘው።

የኢኮኖሚ ምሁሯ ኤስተር ቦሰሩፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው መጽሐፏ፣ በዶማና በመቆፈሪያ የሚታረስባቸው አገሮች ሴቶች በእርሻው ላይ ሰፊ ድርሻ እንዳላቸው፣ ማረሻ በገባበት ግን እርሻው የወንድ ሥራ እንደሚሆን ተከራክራ ነበር። በየጉባኤው ይህ ሐሳብ ይጠቀሳል፤ የእንሰት አገር ግን ከሁለቱም ክፍል በቀላሉ አይገባም። በሲዳማ መሬቱን የሚቆፍረውና ችግኙን የሚያዛውረው በአብዛኛው ወንዱ ነው። ተክሉ ከደረሰ በኋላ፣ ይህም እንደ ዝርያውና እንደ ደጋ ቆላው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል፣ ወደ ምግብነት የሚለውጠው የሴቶቹ እጅ ብቻ ነው።

ሥራውን በቅርብ ያላዩ የጉባኤ ተሳታፊዎች ስለሚኖሩ በንግግርሽ ውስጥ አንድ አፍታ ብታሳያቸው መልካም ይመስለኛል። እናቲቱ ሳንቃውን አዘንብላ ከእንሰቱ ግንድ ጋር ታስረዋለች፤ መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ የቅጠሉን ግንድ በተረከዟ ሳንቃው ላይ ትጫነዋለች፤ ከዚያም በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ስትስበው ነጩ ሥጋ ከቃጫው እየተለየ ይወርዳል። የሚንጠባጠበው ውኃ ሲዘቅጥ ቡላ ይሆናል፤ የተፋቀው ከተፈጨው ሥር ጋር ተደባልቆ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ሲበስል ቆጮ፣ በሲዳምኛ ዋሳ ይሆናል። በልማድ ወንድ ወደዚህ ቦታ አይቀርብም። የትኛው ተክል ዛሬ ይቆረጥ፣ የትኛው ለክፉ ቀን ይቆይ፣ ከእንሰት ዝርያዎች ገንቲቻው ነው ወይስ ሚዳሾው የሚበጀው የሚለውን የምትወስነው እርሷ ናት። በመዝገቡ ላይ መሬቱ የባልየው ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ምግብ ግን በማን ሥልጣን ሥር እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ መዝገቡ የለውም። የገጠር ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ድርቅና ስለ ረኀብ ሲጽፉ ይህን ጉድጓድ አለማየታቸው ሁልጊዜ ያስቆጨኛል።

ስለ ባዕድነቱም አንድ ነገር ልበል። የሲዳማ ሴቶች ያካ የሚባል የራሳቸው ኅብረት፣ ቃሪቾ የምትባል መሪና ሲቆ የሚባል የክብር በትር አላቸው፤ በአንዲት ሴት ላይ በደል ሲፈጸም ሲቆ ይዘው በአንድነት እየወጡ ካሣ ይጠይቁ እንደነበር አረጋውያን ይናገራሉ። ሲንቄ የሚባለው የኦሮሞ ሴቶች በትርም የሚታወቅ ነው። ሆኖም እነዚህን ሥርዓቶች እንደ ጌጥ አታቅርቢያቸው፤ ያካ በደል የደረሰባትን ሚስት ይታደግ ነበር እንጂ የመሬት ባለቤት አያደርጋትም ነበር፤ ሁለቱም እውነት አብረው ይነገሩ።

የንግሥት ፉራንም ነገር አስቢበት። ሲዳማን ገዝታ ወንዶቹን በብርቱ ትእዛዝ አስጨንቃ ነበር የምትባለው፣ በመጨረሻም ወንዶቹ በማታለል በዱር እንስሳ ላይ አስቀምጠው ያጠፏት፣ የአካሏ ክፍሎች የወደቁባቸው ቦታዎችም በዚያው የተሰየሙላት ንግሥት ናት። ይህ አፈ ታሪክ ስለሆነ ንግሥቲቱ በዚህ ዘመን ነበረች ብለሽ እንደ ማስረጃ ልታቀርቢው አትችዪም። ነገር ግን ወንዶች ሲተርኩት «ሴት ከነገሠች እንዲህ ይሆናል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያደርጉታል፤ እናቶች ለልጆቻቸው ሲተርኩት ደግሞ ፉራ ለሴቶች የተወችውን ምክር ያስተላልፉበታል። አንዱን ታሪክ ከሁለቱም አፍ ቀድተሽ ጎን ለጎን ብታስቀምጪው፣ ገጠሩ ስለ ሴትና ስለ ሥልጣን ከራሱ ጋር ሲከራከር እንደ ኖረ ያሳይልሻል፤ ክርክሩን ማንም ከውጭ አላመጣበትም።

መልስ 3 (የሕግ ባለሙያ)

ጠያቂያችን ስለ ተጨማሪ ምንጮች ስለ ጠየቁ የምናገረው በዚያ ላይ ብቻ ይሆናል። የወረዳ ፍርድ ቤት መዛግብትን በሰፊው እንዲጠቀሙ እመክራለሁ፤ በተለይ የውርስ፣ የፍቺና የይዞታ ክርክሮችን። ሲያነቡ ግን ማመልከቻውን የጻፈው ከፍርድ ቤቱ ደጅ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ መሆኑን አይርሱ። ሴትዮዋ በሲዳምኛ የተናገረችውን እርሱ በአማርኛ፣ ለዳኛ በሚስማማ ስልት አሳጥሮ ጽፎታል፤ «ረዳት የሌለኝ ደካማ ሴት በመሆኔ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በብዙ መዝገቦች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ቢያገኙት የአመልካቿ ድምፅ እንዳይመስልዎ። የእርሷ ድምፅ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በምስክሮች ቃልና በመስቀለኛ ጥያቄ ውስጥ ነው፤ ስንት እንሰት እንደተከለች፣ የቡናውን ችግኝ ማን እንዳመጣው፣ ድንበሩ ከየትኛው ዛፍ እስከ የትኛው እንደሆነ የተናገረችው እዚያ ተመዝግቧል።

ከመዝገቡ የቀረውንም ያስቡ። ብዙው ክርክር ወደ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ያልቃል፤ በሶንጎ ደግሞ በልማድ የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። ስለዚህ የፍርድ ቤት መዝገብ ያላት ሴት ሽማግሌን አልፋ የሄደች፣ ምናልባትም ወንድም ወይም የደረሰ ልጅ የቆመላት ሴት ናት፤ እርሷን የሁሉም ምሳሌ ማድረግ አይገባም።

የዘመኑን ወሰን በተመለከተ፣ ጥናትዎን በደርግ ዘመን ላይ ብቻ ባያቆሙት እወዳለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደር፣ በማስተላለፍና በውርስ ረገድ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከፌዴራሉ በኩል የባልን የበላይነት አስቀረ፤ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደግሞ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫው በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። በቀድሞው የደቡብ ክልልና በአማራ ክልል በተሰጡት ደብተሮች ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ያንን የገበሬ ማኅበር መዝገብና ይህን ደብተር በአንድ ስላይድ ላይ ጎን ለጎን ቢያሳዩ፣ የ30 ዓመት ለውጥ በአንድ እይታ ይገባል። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ግን ፎቶዋ የተለጠፈላት ሴት በፍቺ ጊዜ ግማሹን መሬት ይዛ መውጣት ችላለች ወይ የሚለው ነው፤ ለዚህ ያለ ፍርድ ቤት መዝገብ መልስ አያገኙም።

በመጨረሻ አደራ የምልዎት ስም ነው። የመዝገቡ ባለጉዳዮች ልጆች ዛሬም በአንድ አጥር ተጎራብተው ይኖራሉ። በአዳራሹ ውስጥ ዘመዳቸው ሊኖር ስለሚችል የሰዎቹንም የቀበሌውንም ስም ይሸፍኑ፤ የሰነዱን ፎቶ ሲያሳዩም አሻራውንና ስሙን ደብቀው ይሁን።

መልስ 4 (ሐይቅ ዳር)

መምህሩ ጽሑፉ ከመሬት ሥሪት ክፍለ ጊዜ እንዳይወጣ መክረዋል፤ በመሠረቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለሴቶች ታሪክ የተለየ መድረክ መኖሩን እንደ ውርደት ማየት የለብንም። በአሜሪካ የበርክሻየር የሴቶች ታሪክ ምሁራን ጉባኤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ወንዶቹ የታሪክ ምሁራን ከሚሰባሰቡበት ማኅበራዊ ክበብ የተገለሉ ሴቶች ለብቻቸው መገናኘት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ለሰፊው ምሁር ክፍት የሆነ ትልቅ የሴቶች ታሪክ ጉባኤ አዘጋጁ፤ ብዙ ጥናት ከዚያ መድረክ ወጥቷል። የታሪክ ምሁሯ ጆአን ስኮት እ.ኤ.አ. በ1986 ጾታን ራሱን የታሪክ መመርመሪያ አድርገን እንያዘው ብላ ስትከራከርም፣ ለብቻው ባደገ የሴቶች ታሪክ ላይ ቆማ ነበር፤ ጉድለቱንም ያሳየችው ከውስጥ ሆና ነው። በአፍሪካም ተመራማሪ ሴቶች የራሳቸውን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1977 በዳካር መሥርተዋል። የተለየ መድረክ ጥያቄ ይወልዳል፤ የጋራው መድረክ ጥያቄውን ይፈትነዋል። ስለዚህ ጉዳቱ የተለየ ክፍለ ጊዜ መኖሩ ሳይሆን ሰው ሁሉ ሻንጣውን በሚሸክፍበት ሰዓት መቀመጡ ነው። አዘጋጆቹን ስትጽፊላቸው የመሬት ሥሪቱን ክፍለ ጊዜ ጠይቂ፤ ካልሆነ የሴቶቹ ክፍለ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ይሁንልን፣ የመሬት ሥሪት ምሁርም ሐሳብ ሰጪ ሆኖ ይመደብ ብለሽ ጠይቂ።

ስለ እናቶቹ ያነሣሽው ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ ምክንያቱም በየጉባኤው የማየውን አውቃለሁ። ስለ ገጠር ሴት በእንግሊዝኛ ይነበባል፤ ፎቶዋ በግድግዳው ላይ ይታያል፤ በአዳራሹ ውስጥ ያሉት የገጠር ሴቶች ግን ቡና የሚያፈሉት ብቻ ናቸው። ይህን ለመለወጥ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በቅድሚያ ወቅቱን አጢኑ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር የቡና ለቀማ ስለሆነ በዚያ ጊዜ የተጠራች እናት አትመጣም፤ ብትመጣም ገቢዋን ትታ ነው። ጡት የምታጠባ እናት ሐዋሳ ልታድር አትችልም፤ ስለዚህ ከጉባኤው ቀናት አንዱን ግማሽ ቀን ወደ ቀበሌው ውሰዱት፤ ፕሮፌሰሮቹ በአውቶቡስ ይሂዱ። ውይይቱ በሲዳምኛ ይካሄድ፤ የሚተረጎመው ለምሁራኑ ይሁን። አበል ለተናጋሪ ሁሉ የሚከፈል ከሆነ ለእነርሱም እኩል ይከፈላቸው፤ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይም ፈቃዳቸው ከሆነ በስማቸው ይጻፉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጽሑፍሽን ጉባኤው ላይ ከማንበብሽ አስቀድመሽ ለእነርሱ በቃል ንገሪያቸው። ይህ ትክክል አይደለም የሚሉሽ ነገር ይኖራል፤ እርሱንም በጽሑፉ ውስጥ አስገቢው።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከእናንተ በተማርሁት መሠረት ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ጽሑፌ በመሬት ሥሪቱ ክፍለ ጊዜ እንዲቆይ፣ ካልተቻለም መልስ 4 ላይ በቀረበው መልክ እንዲስተካከል ጠይቄያለሁ። የንግግሬን አወቃቀርም ቀይሬዋለሁ። ቀድሞ ስለ ፌሚኒዝም ጽንሰ ሐሳቦች ሰፋ ያለ መግቢያ ነበረኝ፤ እርሱን አሳጥሬ በአዋጅ ቁጥር 31 አንቀጽ ልጀምር፣ ከዚያ ወደ መዝገቡ ሁለት ስረዛዎች ልሂድ፣ ጽንሰ ሐሳቡን ከማስረጃው በኋላ ላምጣው ወስኛለሁ።

ስለ ቆጮው ጉድጓድ የተጻፈው ያላሰብሁትን በር ከፍቶልኛል። ቃለ መጠይቆቼን መለስ ብዬ ሳነብ፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች መሬቱ ወደ ወንድ ልጅ በተላለፈበት ጊዜ «ጉድጓዱ ግን የእኔ ነበር» ሲሉ በተለያየ አነጋገር ደጋግመው ነግረውኛል፤ እኔ ግን ስለ ይዞታ እየጠየቅሁ ስለነበር እንደ ጨዋታ አልፌው ነበር። አሁን ተመልሼ ሄጄ ይህንኑ ለብቻው ልጠይቃቸው አስቤያለሁ፤ ፉራንም ከእነርሱና ከወንዶቹ ለየብቻ እሰማለሁ።

መልስ 3ን የሰጡን የሕግ ባለሙያ ፈቃድዎ ቢሆን አንድ ነገር ልጨምር፤ በ1970ዎቹ የታዩ የይዞታ ክርክሮች በፍርድ ሸንጎ ማለትም በገበሬ ማኅበሩ ዳኝነት ያለቁ ከሆነ ሰነዶቹ የት ሊገኙ እንደሚችሉ ቢጠቁሙኝ፣ ከጉባኤው በፊት ፍለጋ ልጀምር።